ስለ እማዬ አንገት

ውድ ሰብልዬ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ችግር ሲገጥመኝ ብቅ ማለቴ እንደሚያሳፍር ሳትነግሪኝ አውቀዋለሁ፤ የቀረውን ስድብ ስንገናኝ ትጨርሽዋለሽ።

በሰው ስስቅ የኖርኩት ሴትዮ የመክሻ መርፌ ጀምሬ ነበር። ሐኪም የሚያዘው ዌጎቪ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ፣ እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ የዌጎቪን መድኃኒት ራሱን፣ ሴማግሉታይድን፣ ተቀምሞ በብልቃጥ በርካሽ የሚሸጠውን በኢንተርኔት አዘዝኩ። መነሻው 0.25 ሚሊግራም፣ በኢንሱሊን መርፌ ሲለካ 5 ዩኒት ነበር፤ እኔ መነጽሬን ሳላደርግ እስከ 50 ስቤ ሆዴ ላይ ወጋሁት። የፋርማሲ ባለሙያ ጓደኛ እያለችኝ አሥር እጥፍ! ሦስት ቀን ውኃ እንኳ አልረጋልኝም፤ ጎረቤት ቡና ስትቆላ ሽታው ያስመልሰኝ ነበር። መድኃኒቱ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፣ ድንገተኛ ክፍል ጉሉኮስ ተክለውልኝ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን ይህ አይደለም። ነርሷ «በቤተሰባችሁ የታይሮይድ ካንሰር የያዘው ሰው አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ እማዬ ነጠላዋን እየሳበች የምትሸፍነው የአንገቷ ጠባሳ ትዝ አለኝ። ተራ እንቅርት ከነበረ ምንም አይደለም፤ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት ከነበረ ግን መርፌው ለእኔም ለእኅቴም የተከለከለ ነው። መድኃኒቱ እንዲህ ያለ ዕጢ ያስከተለው በአይጦች ላይ እንደሆነ፣ በሰው ላይ እንዳልተረጋገጠ አንብቤአለሁ፤ ቢሆንም ሆዴ አላረፈም።

ታናሿ ደግሞ መርፌውን በመንገደኛ ሻንጣ አስመጥታ ልትጀምር ነው። ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ነገር ከጫማ ጋር ታጭቆ ስንት ሰዓት እንደሚጓዝ አስቢው። በዚያ ላይ ሁለተኛ ልጅ እየፈለገች ነው፤ ከማርገዝ ቢያንስ ሁለት ወር በፊት መቆም እንዳለበት ብነግራት «አንቺ ከስተሽ እኔን ልታስቀሪኝ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። አንቺን ግን ትሰማለች።

እንዴት ብዬ እንደምለምንሽ አላውቅም እንጂ፣ እሑድ እማዬ ዘንድ ለቡና ጎራ በይልኝ። የቀዶ ጥገናዋን ወረቀት ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ታኖረዋለች፤ የናሙናው ውጤት ምን እንደሚል አስፈቅደሽ አንብቢልኝ። የእኔን መርፌ ግን እንዳታነሽባት፤ በደወለች ቁጥር «በደንብ ትበያለሽ ወይ?» ስትለኝ «አዎ» እያልኩ ነው።

የአንቺው፣
ሂሩት