ከድሮኑ በፊት ቢን ካርዱ

ለአዘጋጁ፣

የሠራዊት ሎጂስቲክስ ይዘምን ሲባል ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ ድሮንና ሶፍትዌር ይሮጣል። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በመጋዘን ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ እንጂ ወታደር አይደለሁም። ግን ጥይትም ሆነ ዱቄት፣ መጋዘን ውስጥ ጥያቄው አንድ ነው። ምን አለ? ስንት አለ? የት ነው ያለው? መልሱን የሚይዘው ቢን ካርዱ ነው፤ በየዕቃው ቦታ ሆኖ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ካርድ።

አሜሪካኖች እንኳ በዚህ ተቸግረዋል። በ1991 እ.ኤ.አ. በባሕረ ሰላጤው ጦርነት 40,000 ያህል ኮንቴነር ወደ በረሃው አጋዙ። ከግማሽ የሚበልጠው ውስጡ ምን እንዳለ ስላልታወቀ እየተከፈተ መታየት ነበረበት። መለዋወጫ የጠየቀው ክፍል ሲዘገይበት ደግሞ ይጠይቃል፤ ያው ዕቃ ሁለቴ ይላካል፤ ክምሩ ያድጋል። ኮንቴነር ላይ የሬዲዮ መለያ (ሳይከፈት ከርቀት የሚነበብ ምልክት) መለጠፍ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ልብ በሉ፣ ይሄ ገንዘብ ያልቸገረው ሠራዊት ነው።

የራሺያ ጦርም በ2022 እ.ኤ.አ. ዩክሬን ሲገባ የጥይት ሳጥኑ በአብዛኛው የሚጫነውና የሚወርደው በሰው ጉልበት ነበር። ፓሌትና ፎርክሊፍት ብርቅ ነበር። ተሳቢ በትከሻ ማራገፍ ስንት ሰዓት እንደሚበላ የኛን ከተማ ጫኝና አውራጆች መጠየቅ ነው። በጦርነት ጊዜ ደግሞ የቆመ መኪና ዒላማ ነው።

ወሎ ለስንቅ ነገር እንግዳ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ የሸዋ ዘማች እንዲሰበሰብ የቀጠሩት እዚሁ ወረኢሉ ነው። ያኔ ዘማቹ ስንቁን በራሱ አህያና በቅሎ ጭኖ ይመጣል። ሲያልቅበት ሸክሙ በየመንገዱ ያለው ገበሬ ላይ ይወድቃል። ከአድዋ ድል በኋላ ጦሩ ወደ ኤርትራ ላለመግፋቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የስንቅ ማለቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነትም በየከተማው እናቶች በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅተው ለሠራዊቱ ልከዋል። ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ከረጢቱ ላይ መቼ እንደተዘጋጀ ካልተጻፈ፣ ግምጃ ቤቱ ቶሎ የሚበላሸውን አስቀድሞ ሊያወጣ አይችልም። አንድ ማርከር ነው የሚፈልገው!

የሠራዊት ክምችት ምስጢር ነው የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ይሁን። ከጠላት መደበቅ ሌላ፣ ከራስ ግምጃ ቤት መጥፋት ሌላ።

እንደኔ እንደኔ ከዋናው ግምጃ ቤት እስከ ሻምበል ድረስ ለአንድ ዕቃ አንድ መለያ ቁጥር ይኑር። በአንዱ መጋዘን «ጎማ 750»፣ በሌላው «የአይሱዙ ጎማ» እየተባለ ከተመዘገበ የትኛውም ሶፍትዌር አያስታርቃቸውም። ገቢው በሞዴል 19 ቅጽ፣ ወጪው በሞዴል 22 ቅጽ የሚሠራበት መጋዘን ወረቀቱን በዕለቱ ቢን ካርዱ ላይ ካላወራረደ ኮምፒውተሩም ያንኑ ስሕተት ነው የሚያሳየን። ቆጠራውም ሰኔ 30 ሲደርስ ብቻ የሚደረግ ግርግር መሆኑ ይቅር። ማንም ሳያውቅ፣ በማንኛውም ቀን፣ ጥቂት ዕቃ እየተመረጠ ይቆጠር። ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ እኔም አልጠላውም።

ዝግጅት ክፍላችሁ በዚህ ጉዳይ ኃላፊዎችን ሲያነጋግር አንድ ጥያቄ ቢያነሳልኝ ደስ ይለኛል፦ በመጨረሻው ቆጠራ መደርደሪያው ላይ የተገኘውና ካርዱ ላይ የተጻፈው ምን ያህል ተገናኘ?

የቀድሞ የመጋዘን ሠራተኛ
ከኮምቦልቻ