ይድረስ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ላለኸው ወንድሜ

እንዴት ነህ አቦ? ቤት እንዴት ነው? ልጆቹስ?

ስንቴ ስልክህን አውጥቼ መልሼ እንደዘጋሁት አልነግርህም። እናትህ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። ሥራው አልለቀኝም ነበር፤ ግን ሥራ ምክንያት አይሆንም። እኔን ያጎረሱ እጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልደውል? ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። አፍሬ ነው ወንድሜ።

ሰሞኑን እዚህ አዲስ አበባ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ያ ደረቁ ወንዛችን ደቻቱ ትዝ ይለኛል። ያኔ ከሳቢያን ተነስተን፣ የከዚራን ዛፎች ጥላ ጥላውን ይዘን፣ የወንዙን ደረቅ አሸዋ አቋርጠን መጋላ ሰፈር እንገባ ነበር። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ እናትህ በር ላይ ቆመው "ዛሬ በአሸዋው እንዳትሄዱ፣ በድልድዩ ዙሩ" ይሉናል። እኛ ደግሞ ፀሐዩን እያየን "ምን ሆነዋል?" እንል ነበር። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ያ የጎርፍ ሌሊት መጣና ሁሉም ገባን። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነው ውሃው የወሰደው። ጠዋት እናትህ ቤት ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ተሸክመው ሲወጡ አሁንም ይታየኛል። ለራሳቸው አንድ እንኳ አላስቀሩም።

ቀፊራ ገበያ አጠገብ ያለው መጋዘን ትዝ ይልሃል? ጆንያ ቆጣሪ ሆነን የገባንበት፣ በወር 150 ብር። የመጀመሪያዬ ሥራ ነው። ወር ሲሞላ "አንድ ጆንያ ሽንኩርት ጎድሏል" ተብሎ የእኔ ደመወዝ በሙሉ ቀረ። ቆጠራዬ ልክ ነበር፤ ዛሬም እምላለሁ። ማን ይሰማኛል? ስንመለስ ደቻቱ አሸዋ ላይ ቁጭ አልክ። ብርህን አወጣህና ምንም ሳትናገር ለሁለት ከፈልከው። ሰባ አምስት፣ ሰባ አምስት። አንዷ አምስት ብር መሀሏ ተቀዳ በፕላስተር የተጣበቀች ነበረች። እሷን ወደ ራስህ አደረግካት፣ ደህናዋን ለእኔ ሰጠኸኝ። "ለእናትህ ባዶ እጅህን አትግባ" ብቻ ነው ያልከኝ። ያንን ብር እናቴ ሳመችው። ከአንተ መሆኑን ሳልነግራት ነው ያለፈችው። ይሄም ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ደመወዝ ተቀብያለሁ። የዚያን ያህል የከበደኝ የለም።

ደግሞ ማታ ማታ! ግቢው ውሃ ይረጫል፣ አልጋዎቹ ይወጣሉ፣ አፈሩ ይሸታል። ከዋክብት እየቆጠርን የባቡሩን ጥሩምባ እንጠብቃለን። አሁን አዲሱ ባቡር ከከተማው ውጭ ነው የሚቆመው፤ ጥሩምባው ሳቢያን ድረስ ይሰማል? ይሄንን ጻፍልኝ።

መጪው ወር ፈቃድ አለኝ፤ እመጣለሁ። መጀመሪያ እናትህ መቃብር ውሰደኝ። ለቅሶዬን እዚያ ላድርስ። ማታ ደግሞ እንደ ድሮው ሁለት አልጋ ግቢ አውጣልን።

ወንድምህ