ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ከሰኔቲ አምባ ወደ ሐረና ደን ስለሚደረገው የስድስት ቀን ጉዞ

ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ክቡራን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ካለቀ በኋላ፣ ከሰኞ ጥር 18 እስከ ቅዳሜ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የትምህርት ጉዞ እንዲያደርጉ መታሰቡን ላሳውቃችሁና ፈቃዳችሁን ልጠይቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ጉዞው በየጊዜው ከምናደርጋቸው የአንድ ቀን ጉብኝቶች የተለየ ነው። ልጆቹ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከሰኔቲ አምባ ተነሥተው፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግራቸው፣ ወደ ሐረና ደን ይወርዳሉ፤ አንዱን ሌሊትም በደኑ ውስጥ በድንኳን ያድራሉ። ልጁን ለስድስት ቀን ለሌላ ሰው አደራ የሚሰጥ ወላጅ ዝርዝሩን ማወቅ ስለሚገባው፣ ደብዳቤው ከወትሮው ቢረዝም በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ለምን ባሌን እንደመረጥን ልናገር። ልጆቻችን ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ የሚሉትን ቃላት ከታችኛው ክፍል ጀምረው በቃላቸው ይዘዋል፤ ፈተና ላይም በትክክል ይመልሳሉ። ነገር ግን አብዛኞቹ ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ በመሆኑ፣ ውርጭ ማለት ጠዋት ጠዋት ሣር ላይ የሚታይ ነጭ ነገር፣ ቆላ ማለት ደግሞ ወደ ሐዋሳ ሲሄዱ በመስኮት የሚገባ ሙቀት ነው። ከጎባ ተነሥቶ ሰኔቲን አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው 110 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ ግን እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ በተርታ ያሳያል። በአገራችን ውስጥ ይህን ያህል ብዙ ነገር በዚህን ያህል አጭር ርቀት የሚታይበት ሌላ መንገድ አላውቅም።

አምባው ላይ ዛፍ የለም። ድንጋይ፣ ጉጥ ጉጥ ያለ ሣር፣ እዚህም እዚያም ከሰው ቁመት በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ጅብራ፣ ከዚያ ውጪ ነፋስ ብቻ ነው። ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አምባው በስተ ደቡብ በድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል። በመጀመሪያ የአስታው ቁጥቋጦ ይመጣል፤ ቁልቁል በተወረደ ቁጥር ቁጥቋጦው ዛፍ እየሆነ ይሄዳል፤ ከቅርንጫፎቹም እንደ ሽማግሌ ጢም ያለ የዛፍ ሽበት ይንጠለጠላል። ከዚያ የኮሶ ዛፍ፣ በሪራ መንደር አካባቢ ቀርከሃ፣ ከእርሱም በታች ሰማይ የማያሳይ፣ ግንዱ በሐረግና በሽበት የተጠመጠመ ትልቅ ደን ይመጣል። የደኑ የታችኛው ክፍል ማንም ያልተከለው፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ የበቀለ የጫካ ቡና ያለበት ነው። ጠዋት ጓንት ያደረገ ልጅ ከሰዓት በኋላ ጃኬቱን አውልቆ በወገቡ ያስራል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ እንደሚለዋወጥ መምህሩ አስተምሮታል፤ ያን ቀን ግን ትምህርቱን በገላው ያገኘዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት እኔ ራሴ በአምባው ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አስጎብኚው እጁን አንሥቶ ሁላችንንም አስቆመን። ከእኛ 50 ሜትር ያህል ርቆ አንድ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን አቅንቶ፣ አንድ የፊት እግሩን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ አንዲት ጉድጓድ ላይ ዐይኑን ተክሎ ቆሟል። ብዙ ደቂቃ አለፈ። ከጉድጓዱ በመጀመሪያ እርጥብ አፈር ተገፍቶ ወጣ፣ ቀጥሎ የግዙፉ ፍልፈል ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ሣሩን በጥርሱ ይዞ ወደ ኋላው ሊመለስ ሲል ቀበሮው ዘለለ፤ ሳተውም። በክፍል ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ዝም ማለት የሚያቅታቸው ልጆች ያን ጊዜ ሁሉ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመው ነበር። ያ ፍልፈል ከባሌ በስተቀር በየትም ዓለም የለም። ቀይ ቀበሮውም ከኢትዮጵያ ውጪ አይገኝም፤ በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች 500 እንኳን አይሞሉም፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ናቸው። የአካባቢው ሰዎች በኦሮምኛ የፈረስ ቀበሮ ይሉታል፤ ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጇን ይጠብቃል ስለሚባል ነው። ለልጆቹ ስሙን ከእነርሱው አፍ መስማት ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ውሃውንም እንዲያዩልን እንፈልጋለን። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሡት ዌብ፣ ወልመልና ዱማል የመሳሰሉት ወንዞች፣ ወደ ገናሌና ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚገቡትም ገባሮች፣ በምሥራቅና በደቡብ ቆላ እስከ ሶማሊያ ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብና ከብት ያጠጣሉ። አምባው ላይ በእግር ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ የሚጨመቀው ረግረግ የዚህ ሁሉ መነሻ ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በሬዲዮ ተነግሯል፤ እኔ ግን ልጆቹ የቅርሱን ስም ከመሸምደድ ይልቅ፣ ጫማቸው በዚያ ረግረግ እንዲረጥብ እመርጣለሁ። ከዚህም ሌላ በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ ጥናት፣ በባሌ ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዋሻ ጥላ ውስጥ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበርና ያንኑ ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር አሳይቷል። የታሪክ መምህራችን በዲንሾ በምናድርበት ምሽት ስለዚህ ለልጆቹ ያስረዳሉ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስባችሁ ጉዳይ ልግባ። ከላይ በጠቀስኩት የሦስት ዓመት በፊት ጉዞ ላይ የእኔ ጥፋት ነበረበት፤ ይህን ሳልናገር ልጃችሁን ስጡኝ ማለት አይገባኝም። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ጎባ አንድ ሌሊት ብቻ እንድናድርና በማግሥቱ በማለዳ ቀጥታ ወደ ቱሉ ዲምቱ እንድንወጣ የወሰንኩት እኔ ነኝ። አንዲት ተማሪ ከሌሊቱ ጀምሮ ራሷን አሟት ነበር፤ ከጓደኞቼ እቀራለሁ ብላ ደበቀችን። እኛ መምህራኑ ምንም ሳናይ፣ አብረውን የነበሩት አዛውንት አስጎብኚ አረማመዷ መንገዳገዱን አይተው፣ «ይህች ልጅ አሁኑኑ ትውረድ» አሉ። እኔ ትንሽ ትረፍ፣ ውሃ ትጠጣ እያልኩ ሳመነታ ልጅቷ አስመለሳት። እርሳቸው ክርክር ሳይሰሙ መኪናውን አስነሥተው ጎባ አወረዷት፤ ገና ከአምባው ወርዳ ሳትጨርስ ፊቷ ተመለሰ፤ ማታውን እራቷን በላች። የከፍታ ሕመም መድኃኒቱ መውረድ መሆኑን በንባብ አውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከእኔ ዕውቀት የእርሳቸው ዐይን ቀደመ።

ስለዚህ የዘንድሮው ጉዞ አካሄዱ በሙሉ ተለውጧል። ሰኞ ጥር 18 ከንጋቱ 11 ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ተነሥተን በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ አድርገን ማታ ዲንሾ እንገባለን። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ምሳ በመንገድ ላይ ነው። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ አንድ ሳይሆን ሁለት ሌሊት እናድራለን፤ ማክሰኞን በጋይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘኑን እያየን በዝግታ ስንሄድ እንውላለን። ይህ ቀን ደማቸው ከፍታውን እንዲለምድ የተሰጠ ነው፤ በእኔ እምነት ከስድስቱ ቀናት ሁሉ ዋናው እርሱ ነው። ረቡዕ ብቻ በጎባ በኩል ወደ ሰኔቲ እንወጣለን፤ አምባው ላይ ግን አናድርም፤ ከሰዓት በኋላ ወርደን ሪራ እናድራለን። ሐሙስ ከሪራ ቁልቁል በእግር እንጓዛለን፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በሚፈቅድልን ገላጣ ሥፍራም ድንኳን እንተክላለን። ዓርብ የጫካ ቡናውንና በዛፍ ላይ የተሰቀሉትን የማር ቀፎዎች አይተን በመኪና ወደ ጎባ እንመለሳለን፤ ቅዳሜ አዲስ አበባ እንገባለን። ሰኞ የነነዌ ጾም ሲገባ ልጆቹ ቤታቸው ናቸው።

በየጠዋቱና በየማታው ነርሳችን እያንዳንዱን ልጅ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ማቅለሽለሽና ስለ እንቅልፍ ትጠይቃለች፤ መልሱንም ትመዘግባለች። ምልክት የታየበት ልጅ ወደ ላይ አይወጣም፤ ምልክቱ አምባው ላይ ከታየበት ደግሞ ለዚሁ ሥራ ብቻ በተመደበው ሁለተኛ መኪና ከአንድ መምህር ጋር ወዲያው ይወርዳል። በዚህ ረገድ የመጨረሻው ቃል የአስጎብኚዎቹ እንዲሆን ተስማምተናል፤ እኔም ሆንኩ ሌላ መምህር ልንሽረው አንችልም። ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሕመምን መናገር ነውር አለመሆኑን ለልጆቻችሁ ከአሁኑ ደጋግማችሁ እንድትነግሩልኝ ነው።

አንዳንዶቻችሁ በሐረና አንበሳ አለ ሲባል ሰምታችሁ ጠይቃችሁኛል። እውነት ነው፣ አለ። ከሰው ይሸሻል እንጂ ሰው አይፈልግም፤ ሆኖም በደኑ ውስጥ ከድንኳን የሚወጣ ልጅ፣ ለመጸዳጃም ቢሆን፣ መምህርና ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ሳይዝ አንድ እርምጃ አይሄድም፤ ሌሊቱን በሙሉም ተረኛ ስካውት ነቅቶ ያድራል። እኔን ከአንበሳው ይልቅ የሚያሳስበኝ ውሻ ነው። በአካባቢው የእብድ ውሻ በሽታ አለ፤ ቀይ ቀበሮዎቹንም በተደጋጋሚ የጨረሰው ከመንደር ውሾች የተሻገረው ይኸው በሽታ ነው። ልጆቻችሁ ምንም ያህል የዋህ ቢመስል ውሻ እንዳይነኩ አደራ በሏቸው። ወባን በሚመለከት፣ የቡናው ሥፍራ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀን ብቻ ቆይተን እንመለሳለን፤ አዳራችን በሙሉ ከዚያ ከፍ ባለው ቦታ ነው። እንዲህም ሆኖ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የማጭድ ሴል ደም ማነስ ያለበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ሐኪማችሁን እንድታማክሩ አጥብቄ አሳስባለሁ።

ለብርዱ ወፍራም ሹራብ፣ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ አራት ጥንድ ካልሲና አስቀድሞ የተለመደ ጫማ ያስፈልጋል። አዲስ ጫማ እባካችሁ አትግዙላቸው፤ በቁልቁለቱ እግራቸውን ይልጠዋል። ስሊፒንግ ባግና ድንኳን ትምህርት ቤቱ ያቀርባል፤ ጋቢ ግን ቢጨመርበት አይከፋም። ምግቡን የምታበስለው የትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ስትሆን፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይኖራል፤ ሥጋ የሚዘጋጀውም ለሙስሊምና ለክርስቲያን ልጆች በየድስቱ ተለይቶ ነው፤ ለሶላት የሚሆን ጊዜና ቦታም በየቀኑ መርሐ ግብር ውስጥ ገብቷል። እሳት በቡታጋዝ እንጂ በእንጨት አናነድም። በ1992 ዓ.ም. የባሌን ደኖች የበላው ቃጠሎ ጠባሳው ገና ስላልጠፋ፣ ክብሪት ይዞ የሚገኝ ተማሪ በማግሥቱ ይመለሳል።

ስልክ ከሪራ በታች አይሠራም ብላችሁ አስቡ። ሐሙስ ሙሉ ቀንና እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ድረስ ድምፃቸውን አትሰሙም፤ ይህ የወላጅ ልብ ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። መኪናው ሐሙስ ማታ ኔትወርክ ወዳለበት ወጥቶ የሁሉንም ደኅንነት ለወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ያስታውቃል፤ እርሳቸው ለሁላችሁም መልእክት ይልካሉ። መንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ በሚመለከት፣ ጉዞው ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው ከዞኑ አስተዳደርና ከፓርኩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ካላገኘን አንነሣም፤ ገንዘባችሁም ተመላሽ ይሆናል።

የክፍያው ዝርዝር ከፈቃድ ቅጹ ጋር ተያይዟል። ክፍያው ስለከበደ ብቻ የሚቀር ልጅ እንዲኖር አልፈልግም፤ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ወላጅ በግል ያነጋግረኝ፤ ነገሩ በእኔና በእርሱ መካከል ይቀራል። ልጁን ላለመላክ የወሰነ ወላጅም ምክንያቱን የማስረዳት ግዴታ የለበትም፤ የሚቀሩት ተማሪዎች በእነዚያ ቀናት ከባዮሎጂ መምህራቸው ጋር በእንጦጦ የመስክ ትምህርት ይኖራቸዋል፤ ውጤታቸውም በምንም አይጎድልም።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 4 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ይኖረናል። ያን ጊዜ ተማሪያችንን ያወረዷት አዛውንት ከዲንሾ ድረስ መጥተው ጥያቄያችሁን ራሳቸው ሊመልሱ ፈቅደዋል፤ አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራሉ። የፈረማችሁበትን ቅጽ ከጤና ማስረጃው ጋር እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 17 ቀን ድረስ ለክፍል ኃላፊው መምህር እንድትልኩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር