ለቁንጥንጡም ለፈዛዛዋም፦ ለትምህርት ቢሮና ለጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ስለ ኤዲኤችዲ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለጤና ባለሙያዎች ግንዛቤ ስለመፍጠር

የተከበራችሁ የቢሮ ኃላፊዎች፤

ይህን ልጅ ታውቁታላችሁ። ሰፈር ውስጥ ቁንጥንጥ ይባላል፤ ሲያናድድ ቀዥቃዣ፤ ነገሩ ሲከርም ደግሞ «አንድ ነገር ቢኖርበት ነው» ይባልና ፀበል ይወሰዳል። እሷን ግን ላታውቋት ትችላላችሁ። የኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጣ በመስኮት የምታየዋን፣ ስሟ ሦስቴ ሲጠራ የምትባንነዋን ልጅ ማንም ሐኪም ቤት አይወስዳትም፤ አታስቸግርማ። ፈዛዛ ተብላ ክፍል ትደግማለች። የሁለቱም ችግር አንድ ሊሆን ይችላል።

በሕክምና ኤዲኤችዲ የሚባለውን ይህን ችግር አንዳንዱ «የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር» እያለ ይተረጉመዋል። ይህን ስም በዘመቻችሁ ባትጠቀሙበት እንመርጣለን። ቅብጥብጥ በእኛ አፍ ስድብ ነው፤ ዝምተኛዋንም ልጅ ጨርሶ ያስረሳል። «ትኩረትንና ራስን የመግዛት ችግር» ቢባል ለነገሩ ይቀርባል። ልጁ ትኩረት አጥቶ አይደለምና፤ የሚወደው ጨዋታ ላይ ሁለት ሰዓት ሳይነቃነቅ ይቆያል፤ ወላጅም ይህን አይቶ «ሲፈልግማ ይችላል» ይላል። የሚያቅተው ትኩረቱን ወደሚፈለግበት ማዞርና እዚያው ማቆየት ነው።

በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከመቶ ሕፃናት 5 ያህሉ፣ ከመቶ አዋቂዎች ደግሞ ከ2 እስከ 3 ያህሉ ይህ ችግር አለባቸው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል 3 ልጅ ማለት ነው። በመንታ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በዚህ ችግር በሰውና በሰው መካከል ከሚታየው ልዩነት 74 ከመቶ ያህሉ በዘር የሚወረስ መሆኑን ያሳያሉ፤ አባቱም ልጅ ሳለ እንዲሁ ነበር ሲባል የምንሰማው በከንቱ አይደለም። ያለ ጊዜ መወለድም አደጋውን ከፍ ያደርገዋል። ቅምጥል አስተዳደግ፣ ስኳርና እርግማን ግን አያመጡትም።

ምርመራው በደም ወይም በራጅ አይደለም። 9 የትኩረት፣ 9 የእንቅስቃሴና የችኮላ ምልክቶች አሉ። ከአንደኛው ወገን ቢያንስ 6፣ ዕድሜው 17 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 5፣ ለ6 ወር የዘለቁ መሆን አለባቸው። ከነዚህም የተወሰኑት ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታዩ፣ የልጁን ኑሮ ወይም ትምህርት በግልጽ የሚያውኩ ሊሆኑ ይገባል። በቤት ብቻ ወይም በአንድ መምህር ክፍል ብቻ የሚታይ ነገር ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይበጃል።

እዚህ ላይ የምንፈራውን እንናገር። ከውጭ የመጡ መጠይቆችን ቃል በቃል ተርጉሞ ለመምህራን መበተን ቀላል ነው፤ የሚያሳስተውም እሱ ነው። «ከመቀመጫው ይነሣል» ይላል አንዱ ጥያቄ። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው በሚቀመጡበት ክፍል መሃል ያለው እንዲወጣ ዳር ያለው መነሣቱ ግድ ነው። «መጽሐፉን ይጥላል» ይላል ሌላው፤ መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ከሆነ ማን ጣለው ይባላል? «የቤት ሥራ አይጨርስም» የሚለውም ከሰዓት በኋላ ከብት ለሚጠብቅ ወይም ከጣና ዳር ደንገል ሲሸከም ለሚውል ልጅ ምንም አይነግረንም። መምህሩ ልጁን በዚያው ክፍል፣ በዚያው ኑሮ ካሉ እኩዮቹ ጋር እንዲያነጻጽር ጥያቄዎቹ መቀየር፣ ከዚያም በጥቂት ትምህርት ቤቶች መሞከር አለባቸው።

ከመጠይቅ በፊት ግን ደብተር ይታይ። የእነዚህ ልጆች ደብተር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ቀኑና ርእሱ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ይጻፋሉ፣ ሁለት መስመር በደንብ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ላይ አንድ ቃል ይዘለላል፣ አራተኛው ግማሽ ላይ ይቀራል። ቀጣዩ ገጽ የሌላ ትምህርት ነው። ሒሳብ ላይ ስሌቱ ልክ ሆኖ የመደመር ምልክቱ መቀነስ ተደርጎ ይገለበጣል። መምህሩ «ተጣድፎ ነው» ይላል፤ መጣደፉ በየሳምንቱ ከተደገመ ግን መረጃ ነው።

ለክፍሉ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ልጁ የፊት ዴስክ ላይ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ፣ ረጋ ካለ ልጅ ጎን ይቀመጥ። መመሪያ ሲሰጠው በስሙ ተጠርቶ፣ አንድ በአንድ ይሁን፤ ምን እንደተባለም ራሱ መልሶ ይናገር። አሥር ጥያቄ ከሚሰጠው ሦስት ሦስት እየተደረገ ይሰጠው፣ ሦስቱን ሲጨርስ ይታይለት። ሰሌዳ ማጥፋትና ደብተር ማደል የእሱ ሥራ ቢሆኑ እንቅስቃሴው መውጫ ያገኛል። እረፍት መከልከል ከሁሉ የከፋው ቅጣት ነው፤ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ልጅ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይብስበታል። ማንበርከክና አለንጋም አይሠሩም። ይህ ልጅ የሥራውንና የውጤቱን ግንኙነት የሚይዘው ውጤቱ ወዲያው ሲከተል ነው፤ ጠዋት ያጠፋውን ማታ አባቱ ሲገርፈው የሚማረው አባቱን መፍራት ነው። ምስጋናም እንዲሁ ነው፤ ለወር መጨረሻ የሚቀመጥ ሽልማት ለእሱ የለም ማለት ነው።

በዚህ ነገር የኔታ ከእኛ ይቀድማሉ። ፊደል ቤት ልጁ በየተራ ይቀርባል፣ ስንደዶውን ይዞ ፊደሉን እየነካ ጮኾ ይቆጥራል፣ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። ትምህርቱ አጭር ነው፣ ድምፅና እጅ ያሠራል፣ እርማቱም ወዲያው ነው። «ፊደል ቤት እያለ ደህና ነበር» የሚባለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። አለንጋውን አንስተን ይህንን ብንወስድ ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ጤና ቢሮ። ትኩረት ያጣ ሁሉ ኤዲኤችዲ የለበትም፤ ጤና ጣቢያ ላይ መጀመሪያ መጣራት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ጆሮው የሚመግል ልጅ አይሰማም፤ ጆሮው ውስጥ በመሣሪያ ይታይ። ዓይኑ በ6 ሜትር ርቀት በላቲኑ «E» ፊደል የዓይን መለኪያ ሰንጠረዥ ይለካ። የደም ማነስና የአንጀት ትል ይመርመር፤ ጣና ዳር ላደገ ልጅ ቢልሃርዝያም አይረሳ። እንቅልፉ ይጠየቅ፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ቀን ላይ ለጥቂት ሰከንድ ድርቅ ብሎ የሚቀር፣ ቢነኩት የማይመልስ፣ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ሥራውን የሚቀጥል ልጅ ደግሞ የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ መንፈራገጥ ስለሌለው «ሐሳቡ ይሄዳል» ተብሎ ይታለፋል። አንዱን ነገር አስምረን እንጽፈው፦ ለሚጥል በሽታ በሰፊው የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ራሱ ልጆችን ቁንጥንጥና ነጭናጫ ሊያደርግ ይችላል። ልጁ ይህን መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው መድኃኒቱ ነው።

የተኩስ ድምፅ የሰማ፣ ትምህርቱ ተቋርጦ የከረመ ልጅም አለ። እሱም አርፎ አይቀመጥም፣ እሱም አያዳምጥም። የሚለየው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከዚያ በፊትስ እንዴት ነበር? ቅዠት፣ በድንገተኛ ድምፅ መደንገጥና ከአንዳንድ ቦታ መሸሽ ካሉ መንገዱ ወደ ሌላ ሕክምና ነው። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ የሚገናኙበትም ጊዜ አለ።

ከጤና ጣቢያ አልፎ የሚላከው ልጅ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሲደርስ የመምህሩን ወረቀት ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙ ልጁን የሚያየው ለግማሽ ሰዓት ነው፣ በዚያች ጊዜ ብዙ ልጅ ጨዋ ነው። ዕድሜው ከ6 በታች ከሆነ ሕክምናው በወላጅ ሥልጠና ይጀመራል። ከዚያ በላይ ለሆነና ችግሩ ለበረታበት ሜቲልፌኒዴት የሚባል መድኃኒት አለ፤ የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ ቁርስ ከተበላ በኋላ ይሰጣል፤ ክብደት፣ ቁመት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት በየጊዜው ይለካል። መድኃኒቱ በ1971 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሆነ በግምት አይገባም፤ አገር የፍላጎት መጠኗን አስልታ ነው የምታስገባው። በመዝገብ ያልተጻፈ ሕመምተኛ ደግሞ በፍላጎት ስሌት ውስጥ የለም። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ኤዲኤችዲን «ሌላ» በሚለው ረድፍ ሳይሆን በስሙ ይመዝግበው።

አዋቂዎቹን እንዳንረሳ። ችግሩ ከብዙዎች ጋር አብሮ ያድጋል፤ ሩጫው ይቀርና መርሳቱ፣ ቀጠሮ ማሳለፉ፣ ጀምሮ መተዉ ይቆያል። እነዚህ አዋቂዎች በመኪና አደጋ ውስጥም ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ይገኛሉ፤ ለባጃጅ አሽከርካሪዎች የሚሰጥ ትምህርት ውስጥ አንድ ገጽ ቢገባ አይበዛም። በከተማችን አንድ የተለየ ፍንጭ አለ፣ ጫት። በውስጡ ያለው ካቲኖን አንጎልን የሚያነቃቃ በመሆኑ «ካልቃምኩ ማንበብ አልችልም» የሚል ተማሪ ሁሌም ሰበብ እየፈለገ አይደለም። የቃመ ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት አላልንም። ግን ምርቃናው ሲወርድና እንቅልፍ ሲጠፋ ትኩረቱ ከበፊቱ ስለሚከፋ፣ ስለ ልጅነቱ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል፤ የድሮ የትምህርት ቤት ካርዱና እናቱ ጥሩ ምስክሮች ናቸው።

የፈረንጆቹ ኦክቶበር በብዙ አገር የኤዲኤችዲ ግንዛቤ ወር ነው፤ በእኛ ከመስከረም 21 ገደማ እስከ ጥቅምት 21። ባነርና ቲሸርት፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ የግማሽ ቀን ስብሰባ፣ ይህን አንለምንም። የምንለምነው፦ ፊትና ጀርባ የታተመ አንድ ወረቀት በየትምህርት ቤቱ የመምህራን ማረፊያ፣ ከስም መቆጣጠሪያው አጠገብ ይለጠፍ። ልጁን በመስከረም የተቀበለ መምህር 6 ወር አላየውምና ያለፈው ዓመት መምህር አብሮ ይጠየቅ። ጤና ጣቢያው የሚቀበለው የመላኪያ ቅጽ ይኑር። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ ማስረጃ ላለው ልጅ ተጨማሪ ሰዓትና ጸጥ ያለ ክፍል በመመሪያ ይፈቀድ። በባሕር ዳር ኤፍ ኤም ደግሞ በጠዋት፣ ወላጅ ሳይወጣ፣ አሥር ደቂቃ ይሰጠን።

ወረቀቱን ለማርቀቅና መምህራንን ለማሠልጠን ያለ አበል እንመጣለን። ቅዳሜ ጠዋት ለሁላችንም ይመቻል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በልጆች የአእምሮ ጤናና በልዩ ፍላጎት ትምህርት የምንሠራ ባለሙያዎች
ባሕር ዳር