ራውተሩ ሳሎን፣ ኮምፒውተሩ ሰርቪስ ቤት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከሱቃችን ወጥቶ ኮምፒውተር ላይ ተሰክታ ዋይፋይ የምታስይዘዋን፣ ጥፍር የምታህለዋን ዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር ያህል ተመልሶ የሚመጣብን ዕቃ የለም። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ አልተበላሹም። ራውተራችን ሁለት ሜትር ላይ ስለሆነ እኛ ጋ ሲሰኩ ሁሉም ደህና ይሠራሉ። «ይሠራል እኮ!» ብለን የመለስናችሁን ይቅርታ እንጠይቃለን። መጠየቅ የነበረብን ኮምፒውተሩ ቤታችሁ የት እንደተቀመጠ ነበር።

አንዲት ደንበኛችን የሒሳብ ሥራቸውን የሚሠሩት ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው። ራውተሩ ዋናው ቤት ሳሎን፣ ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሸጉጧል። ርቀቱ ሃያ እርምጃ ባይሞላም ዴስክቶፑ አንድ መስመር ያሳይና ይጠፋል። ሦስት ጊዜ አዳፕተር ቀየርንላቸው፤ ያው ነው። በመጨረሻ ልጃችን ሄዶ አየው። አዳፕተሯ ከሲፒዩው (ከኮምፒውተሩ የብረት ሳጥን) ጀርባ ተሰክታለች፣ ሲፒዩው ጠረጴዛ ሥር ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ግድግዳ ደግሞ ቆርቆሮ። ብረት የሬዲዮ ሞገድን አያሳልፍም፤ ይመልሰዋል። ምስኪኗ አዳፕተር ሁለት ብረት መሀል ተቀርቅራ ነው «አይሠራም» የተባለችው። ልጁ የሦስት ሜትር ዩኤስቢ ማስረዘሚያ ገመድ ሰካና አዳፕተሯን ወደ ዋናው ቤት በሚያየው መስኮት ላይ በፕላስተር ለጠፋት። ሦስት መስመር! የሸጥንላቸው ገመዱን ብቻ ነው። ለሦስቱ ምልልስ ያወጡትን የታክሲ ሒሳብ ግን መመለስ አልቻልንም።

ስለዚህ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን አንቀሳቅሱት። ለዩኤስቢ 2 ገመድ እስከ አምስት ሜትር ድረስ ችግር የለውም። ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ የምትሰኩ ከሆነ አዳፕተሩን አጠገቡ አታድርጉት፤ ዲስኩ በሚሠራበት ጊዜ የሚፈጥረው ረብሻ ልክ የዋይፋዩ ሞገድ ላይ ነው የሚያርፈው።

መግዛት ግድ ከሆነ ደግሞ፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የፍጥነት ቁጥር አያታልላችሁ። «600» (ሜጋቢት በሰከንድ) የሚለው ዋይፋይ በሚጠቀምባቸው ሁለት የሞገድ ዓይነቶች የሚገኙ የሁለት ቁጥሮች ድምር ነው፦ 150 በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ 433 ደግሞ በ5 ጊጋኸርዝ፣ ከዚያ ወደ ላይ ተጠጋግቶ። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም። ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ካለፈ በኋላ የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ 2.4ቱ ነው። ሰርቪስ ቤት ላለ ኮምፒውተር እንግዲህ ያ 433 ከካርቶኑ ሳይወጣ ይቀራል ማለት ነው። 150ውም ቢሆን በተግባር ግማሹን ካገኛችሁ ጥሩ ነው። የቤታችሁ ፓኬጅ 10 ሜጋ ከሆነ ግን ይህም ተርፎ ይፈሳል። (ራውተራችሁ ሁለት ስም እያወጣ አንዱ መጨረሻው ላይ «5ጂ» የሚል ከሆነ፣ ይኸው 5 ጊጋኸርዝ ማለት ነው እንጂ ከሞባይሉ 5ጂ ጋር ዝምድና የለውም። በየቀኑ የምንጠየቀው ስለሆነ ነው።)

እኛ ብንሆን የምንመርጠው የሚነቀል አንቴና ያለውን፣ ከተገኘም ባለሁለት አንቴናውን ነው። ቢያንስ የሚነቀለው ነገ በተሻለ ይተካል። ዴስክቶፑ ውስጥ የሚገባውን የዋይፋይ ካርድ የምትፈልጉ ከሆነ አንቴናው በገመድ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ውሰዱ፤ ካለበለዚያ አንቴናው ያው ከሲፒዩው ጀርባ፣ ብረት ተደግፎ ይቀራል። አንቴናውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት እንጂ ጫፉን እንደ ጣት ወደ ራውተሩ አትቀስሩት። ሞገዱ ከጎኑ ነው የሚወጣውና የሚገባው፤ ከጫፉ የሚገኝ ነገር ትንሽ ነው።

ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ አዳፕተሩን እንዲያውቀው የሚጫነው ፕሮግራም) ብዙ አዳፕተሮች ላይ በሲዲ ነው የሚመጣው፤ ሲዲ ማስገቢያ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ አሁን የት አለ? ከኢንተርኔት እንዳታወርዱት ኢንተርኔቱ ገና አልገባም። ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ በነጻ እንገለብጥላችኋለን።

አንዳንዴ ደግሞ አትግዙ እንላለን። ስልካችሁን ይዛችሁ ኮምፒውተሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በር ላይ ቆማችሁ ሳይሆን እዚያው ወንበሩ ላይ። ስልኩ ምንም ካልያዘ አዳፕተር ብቻውን አያድናችሁም። ኮምፒውተሩ መስማት ብቻ ሳይሆን ለራውተሩ መልስ መስጠትም አለበትና፣ «ኃይለኛ ራውተር ልግዛ» ማለትም ያው ግማሽ መፍትሔ ነው። መጀመሪያ ራውተሩን ከቡፌው አውጥታችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ካልሆነ የኔትወርክ ገመድ ዘርጉ፤ እስከ 100 ሜትር ያለምንም ጣጣ ይሄዳል፣ ከየትኛውም ዋይፋይም ይረጋጋል። ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ ግን አታንጠልጥሉት። ክረምት ላይ መብረቅ በአቅራቢያ ከወደቀ ራውተሩንም ኮምፒውተሩንም ይዞ ይሄዳል። በፕላስቲክ ቱቦ ከቶ መሬት ውስጥ መቅበር ይሻላል።

ያቺን ትንሿን አዳፕተር በንዴት መሳቢያ ውስጥ የወረወራችሁ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። ስትመጡ ራውተሩ የት እንዳለ፣ ኮምፒውተሩ የት እንዳለ፣ መሀላቸው ያለው ግድግዳ ብሎኬት ይሁን ቆርቆሮ ወይም ጭቃ፣ ወረቀት ላይ ንደፉልን። ንድፉ ባያምርም ግድ የለም። ማስረዘሚያ ገመድ በውሰት እንሰጣችኋለን፤ ቤት ሞክራችሁ ከሠራ ትከፍላላችሁ፣ ካልሠራ ትመልሳላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች