ሺራላን ከእገዳው በፊት አቁማችኋታል

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ሕንዷ ሺራላ ከተማና ስለ እባብ በዓሏ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ተናድጃለሁ። ጎረምሳው ኮብራ ይዞ የቆመበት ፎቶ ሥር «በየዓመቱ እንዲህ ያከብራሉ» ብላችኋል። የትኛው ዓመት?

እኔ የተማርኩት እዚያው ማሃራሽትራ ግዛት፣ ኮልሃፑር ከተማ ነው። ሺራላ ጎረቤት ናት። ዘገባው በወጣ ማግስት የእህቴ ባል ደውሎ «ዲግሪውን ለእባብ ሰግደህ ነው ያገኘኸው?» ብሎ ሳቀብኝ። ምስጋናው ለእናንተ ነው። አዲስ አበባ ማሃራሽትራ በተማረ ሰው ሞልታለች። ለአንዳችን ስልክ መደወል ስንት ብር ያስወጣል?

የቁም ኮብራ ይመለክ እንደነበር አልክድም። በናግ ፓንቻሚ፣ ማለትም በእባብ በዓሉ ሰሞን፣ በእኛ ሐምሌ ወይም ነሐሴ፣ ወጣቶች ከየማሳው እባብ ይይዙ ነበር። በሸክላ ማሰሮ ያስቀምጡት ነበር። ሴቶች ቀይ ዱቄትና አበባ ያቀርቡለት ነበር። በዓሉ ሲያልፍ ይለቁት ነበር። ግን የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. ይህን አግዷል፤ መሠረቱም የ1972ቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ነው። በ2025 መንግሥት ለትምህርት በሚል ለጥቂት ሰዎች እባብ እንዲይዙ ፈቅዶ ነበር፤ ያውም በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ። ይህ ሁሉ በዘገባችሁ ውስጥ የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የእናንተ ዘጋቢ ግን ልጡንም ያየ አይመስልም።

የተዋችሁት ደግሞ ዋናውን ታሪክ ነው። በከተማዋ አፈ ታሪክ አንዲት ሴት የሸክላ እባብ ስታመልክ ጎራክናት የተባለው መናኝ ያያታል። «ሕይወት ያለውን ባመጣልሽስ ታመልኪዋለሽ?» ይላታል። እሺ አለችው። ልማዱ ከዚያ ጀመረ ይላሉ። ፍርድ ቤቱ እንግዲህ ሺራላን መልሶ ወደ ሸክላው ሰደዳት። ነዋሪው «እኛ እባብ እንጠብቃለን እንጂ አንጎዳም» ብሎ ይሟገታል። የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ደግሞ በሕዝብና በከበሮ መሐል ማንገላታቱ ጭካኔ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ተቆርቋሪዎቹ አደላለሁ፤ ቢሆንም የከተማው ሰው ሊደመጥ ይገባ ነበር። እናንተ ሁለቱንም ትታችሁ አንድ ጎረምሳ አሳያችሁን።

አሁን የምጠይቀው ቀላል ነው፦ ፎቶው የተነሳበት ዓመት ይጻፍ፣ እገዳውም በዘገባው ውስጥ ይግባ። ባለፈው ስለ ሌላ ስህተት የጻፍኩላችሁ ደብዳቤ እስካሁን መልስ አላገኘም። ይኸኛውንም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ልትጨምሩት ካሰባችሁ፣ ለእህቴ ባል እናንተው ደውሉለት።