ቲሸርቱ ስንት ወሰደ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ጥር አራት ሆነን ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በብስክሌት ሄድን። ለኩላሊት እጥበት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። የሰፈራችን ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ነው፤ ቤተሰቡ የሚሸጠውን ሸጦ ጨርሷል። እኛም ወዳጅ ዘመዱን፣ የመሥሪያ ቤት ሰውን ሁሉ «ለአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ትሰጣለህ?» እያልን ቃል አስገባን። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቹ ቃል የገቡት የምንደርስ ስላልመሰላቸው ይመስለኛል፤ ከሐዋሳ ስንደውልላቸው ድምፃቸው ያስታውቅ ነበር።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለምትል «ቁልቁለት አይደል እንዴ?» ይሉናል። እስኪ ሞክሩት! በፈጣን መንገዱ ብስክሌት ስለማይፈቀድ እስከ ሞጆ በአሮጌው መንገድ ነው የሚኬደው፣ ያውም ወደ ደረቅ ወደቡ ከሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ጋር እየተጋፉ። ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» የሚለው ሲኖትራክ አጠገብህ ሲያልፍ ንፋሱ መጀመሪያ ይገፋሃል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ይስብሃል። ዝዋይ አደርን። በማግስቱ የግራር እሾህ ሦስት ከመነዳሪ በላብን። ልጆቹ ሄልሜትና መነጽራችንን አይተው «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተሉናል፤ አንዱ ጓደኛችን በኦሮምኛ ሲመልስላቸው ደግሞ ሳቃቸው መቆሚያ አጣ። አርሲ ነገሌ ላይ ሻይ የምትሸጥ እናት ለምን እንደምንሄድ ስትሰማ ሒሳብ አልቀበልም አለች። «ለልጁ አድርጉት» አለችን።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ልምጣ። የተሰበሰበው 182 ሺህ ብር ነው። ለቲሸርት፣ ለባነር፣ ለአጃቢ መኪና ነዳጅ፣ ለቪዲዮ አንሺና መነሻው ላይ ለተጋበዘው ምሳ 61 ሺህ ብር ወጣ። ሲሶው ማለት ነው። ማንም አልሰረቀም፣ ደረሰኙ ሁሉ አለ፤ እኔም ራሴ ባነሩ ተለቅ ይበል ካሉት አንዱ ነኝ። ግን ያቺ ሴትዮ ሻይዋን በነፃ የሰጠችው ለባነር አልነበረም።

እናንተም ጋዜጠኞች አላችሁበት። ስንነሳ መስቀል አደባባይ መጥታችሁ ፎቶ አነሳችሁን፣ ጋዜጣው ላይም ወጣን። ስንመለስ ግን ስንት እንደተሰበሰበ፣ ስንቱ ለልጁ እንደደረሰ የጠየቀን የለም። ብትጠይቁን እናፍር ነበር፤ ማፈራችን ደግሞ ይጠቅመን ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ጥቅምት ላይ፣ ወደ ጅማ ልንሄድ አስበናል። ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ ከዚያ የጊቤ በረሃ። ቁልቁለቱ ፍሬን ይጨርሳል፣ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ያለው ዳገት ደግሞ ሰውን፤ ሙቀቱን ባንጨምረው ይሻላል። በዚህኛው ጉዞ ቲሸርት የለም። ዳቧችንንም አልጋችንንም ከኪሳችን እንከፍላለን። አጃቢ መኪና ግን አንተውም፣ መንገዱን ስለምናውቀው፤ ነዳጁን ለአራት እናዋጣለን።

የእኔ የልብ ምኞት ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ፅዮን ወርዶ ደጀን መውጣት። ከድልድዩ በኋላ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዳገት፣ ቁመቱ ከሺህ ሜትር በላይ። ከካይሮ ኬፕታውን የሚጋልቡት ፈረንጆች በረሃውን ለዓመታት ሲያቋርጡት ኖረዋል፣ እኔ የጎጃም ልጅ ግን በአውቶቡስ መስኮት ነው የማውቀው። መንገዱ ሰላም ይሁን እንጂ ጉልበቴ ዝግጁ ነው። ሚስቴ በዚህ አትስማማም።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጥቅምት ላይ ለመነሻው ባትመጡም ግድ የለም። ከጅማ በተመለስን በሳምንቱ ግን አንድ ሰው ላኩና ደረሰኞቹን ይቁጠርልን። ቡናውን እኛ እናፈላለን፣ ከኪሳችን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ብስክሌተኛ አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ